ቴርሚዶር

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከሳህን ተራራ ሥር፣
ትእዛዝ አታሚዋ ሣጥን ምላሷን ስታወጣ በግርግር፣
አነበብኩት፤ «ሁለት ቴርሚዶር»።

«ወር ነው» አለኝ ሸድሊ፣ የቱኒዙ ሽማግሌ፣
ከቢላዋው ቀና ሳይል። «ወር? እንደ ሐምሌ?»
የባሕር አንበጣውን ከራስ እስከ ጅራት ሰነጠቀ፣
ሥጋውን በቅቤና በሰናፍጭ ለውሶ
መልሶ በገዛ ቅርፊቱ ውስጥ ደበቀ።
ወር ይበላል እንዴ? ብዬ ሳቅሁ፤
ወር ሰውን ሲበላ እንጂ ሰው ወር ሲበላ መች አወቅሁ።

በተሰባበረው የጋራ አረብኛችን ነገረኝ፣
ድስቱ እስኪንተከተክ፣ እኔም ብርጭቆ እስክጠርግ፦
ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ካወረዱ በኋላ
ዘመኑንም አወረዱት፤
ሳምንቱን ዐሥር ቀን ብለው አስረዘሙት፤
ቅዱሳኑን ከየዕለታቸው አስነሥተው
ወሩን በጭጋግ፣ በውርጭ፣ በወይን፣ በመስክ ጠሩት።
«ቴርሚዶር ሥሩ ከግሪክ ነው፤ ቴርሜ ሙቀት፣
ዶሮን ደግሞ...»
ዶሮን ሲል ጆሮዬ ቢላ ፈለገ፤
ዶሮን ማን ያዛት? ማን አረዳት? ላባዋስ የት ረገፈ?
«ስጦታ» አለ። ዶሮን ማለት ስጦታ።
የሙቀት ስጦታ።

ቆሻሻ ልጥል የጓሮውን በር ስከፍት
ስጦታው ደጅ ቆሟል፣ እንደ አበዳሪ ፊቱን ቋጥሮ።
የበሩ እጀታ ይነክሳል፤
ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጨርቅ ይቀቅላል፤
ከማዶ ሕንፃ የሚሠሩት፣ ሥራ በተከለከለበት በቀትሩ ሰዓት፣
በቆመ የጭነት መኪና ሆድ ሥር ተደርድረዋል
ጫማቸውን ተንተርሰው፣
ከኋላቸው ባሕሩ ዝም ብሏል፣ እንደ ረጋ ሾርባ።
ማን ሰጠ? ማን ተቀበለ? በእጅ ነው ወይስ በፊርማ?
ስጦታ አይመለስም ይላሉ እንጂ
ዛሬውኑ በመለስኩት ከመናማ።

ገብቼ ጠየቅሁት፦ «ስሙን ማን አወጣ?»
«ባለቅኔ።»
«ይህን ባሕር፣ ይህን ቀትር ዐይቶ?»
«የት አባቱ ያያል! ፓሪስ ቁጭ ብሎ
አዝመራ የሚያበስል ፀሐይ አስቦ ነው እንጂ።»
«ኋላስ?»
ሸድሊ ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገ።
«አንገቱን ቆረጡት፤ ራሱ ስም ባወጣለት፣ በቡቃያው ወር።»
ከዚያ ወዲያ ምድጃው ብቻ ተናገረ።

ቆየት ብሎ፣ «ወሩ ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ነበር» አለ፣
«ታዲያ በዓመቱ ጫፍ አምስት ቀን ተረፋቸው፣ አንዳንዴም ስድስት...»
ብርጭቆው ከእጄ ሊያመልጥ! «ጳጉሜን!» አልኩ፣ «ጳጉሜን ናት!»
የጎረቤቷን ልጅ በባዕድ ገበያ እንዳገኘች ሴት።
ሸድሊ አልገባውም።
እነሱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሞክረው ተዉት፤
እኛ ሳንተው ይኸው አለን።
እዚህ ግን ደመወዜ በፈረንጅ ወር ነው የሚቆጠር፤
እሷ ምስኪን በየት ኪስ ትደር?

በዕረፍቴ ከሐይቅ ሙሄ ደወለ፣ ወንድሜ፤
ድምፁን ዝናብ ቦርቡሮት፣
በረዶው ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኛል።
«ወንዙ ሞልቶ አያሻግር፣ ልብስ አይደርቅ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤
አንቺ ጋ ይሞቃል አሉ፣ ዘምዘም። ታደልሽ።»
ታደልኩ።
ማን እንዳደለኝ አልጠየቀኝም፣
እኔም የዶሮንን ነገር አላነሣሁበት።
«ስልኩን ወደ ጣራው ያዝልኝ» አልኩት ብቻ።
ያዘልኝ። ሰማሁ።
ሂሳቤ እስኪያልቅ ሰማሁ።

ሁለቱ ሳህኖች ተመለሱ፤
አንዱ በወጉ አልተነካም፣ አንዱ ቀይ ቅርፊት ብቻ፤
ውስጡን በጣቴ አጠብሁት፣ አንድ ሰው ሊለብሰው ያለ ይመስል።
በእኛ ሐምሌ ሃያ ነው፤
በእነሱ፣ ሸድሊ እንደ ቆጠረልኝ፣ ገና ዘጠኝ።
ወሩ ተበልቶ አልቋል፤
ሃያ አንድ ቀን ይቀረዋል።